ጥቁርና ነጭ የሌለው ፒያኖ

ጥር 6
ልምምድ። አክስቴ ዛሬም ጉሮሮዋን ይዛ፣ «ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ» አለች። ዝቅ ላድርግ... ወዴት? ዘፈኑን በፒያኖ የማውቀው ከአንድ መነሻ ብቻ ነው። ትንሽ ዝቅ ካለ በነጩ ቦታ ጥቁር፣ በጥቁሩ ቦታ ነጭ ቁልፍ ይመጣና ጣቶቼ መንገዱ ይጠፋቸዋል። ዘፋኞቹ ሁሉ ቆመው ጠበቁኝ። የዘፋኝ ቡድናችን መሪ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ለየካቲቱ ዝግጅት ሌላ ፒያኖ ተጫዋች ላፈላልግ ነው መሰለኝ» አሉ።
ቤታችን እስክንደርስ አክስቴ ይቅርታ ስትጠይቀኝ... ድምፅ እንደ አየሩ ሲለዋወጥ እሷ ምን ታድርግ? ለሌላ ሰው ግን አልሰጣትም።

ጥር 9
ፒያኖ ቃኚው ቤታችን መጣ። ብሶቴን ነገርኩት። ሌላ ዓይነት የቁልፍ አደራደር አለ አለኝ። አጫጭር ቁልፎች፣ እንደ ደረጃ በረድፍ በረድፍ። እጅ አንዴ ዘፈኑን ከለመደ፣ ከየትም ቢነሣ አያያዙ ያው ነው።
«ታዲያ ለምን ሰው ሁሉ እሱን አይጫወትም?»
«ያኛውን ተምሮ ጨርሷላ።»
የአክስቴ ባል አናጢ ነው። ይህን ሲሰማ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። እሱ ሜትር ካወጣ አለቀ።

ጥር 28
የአክስቴ ባል አዲሶቹን ቁልፎች ሠርቶ ጨረሰ። በነባሩ ቁልፍ ላይ ይገጠማል፣ ይነቀላል። እዚያም እንዲገጥም የልምምድ አዳራሹንም ፒያኖ ለክቶ መጥቷል። ግን ሁሉንም አንድ ዓይነት ቡናማ ቫርኒሽ ቀብቶታል። ጥቁር የለ፣ ነጭ የለ።
ቃኚው ራሱን ያዘ። «ሰውዬ፣ የቱ የቱ እንደሆነ በምን ትለየው?»
«የኔ ሥራ ዥንጉርጉር አይሆንም።»
እኛ በሳቅ ፈረስን። እሱ አኮረፈ።

የካቲት 2
ጠፋብኝ። ሁሉም አንድ መልክ... ቀለም ልቀባው ብሩሽ ይዤ ቀረብኩ። አክስቴ ከወጥ ቤት ታንጎራጉራለች። እሷን እየሰማሁ አንዱን ነካሁ፣ አልሆነም። ቀጥሎ ያለው ከድምፅዋ ጋር ገጠመ። ከዚያ ጣቶቼ ራሳቸው ሄዱ። ከፍ አለች። እጄን ወደ ጎን ጠጋ አደረግኩ፣ ያው አያያዝ። ዝቅ አለች፣ ያው።
ብሩሹን ወደ ቦታው መለስኩ። ሳቅኩ? አለቀስኩ? ብቻ ደስ አለኝ።

የካቲት 11
ልምምድ። ጣቶቼ አሁንም ይንተባተባሉ። መሪያችን «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ደረጃ ነው?» አሉ። ስለ ሌላ ተጫዋች ግን አላነሡም።

የካቲት 19
ዝግጅቱ። የምጀምረው እኔ ነበርኩ። አክስቴ ባሏን ከፊት ወንበር ላይ ሙሉ ልብስ ግጥም አድርጎ ለብሶ ስታየው ጊዜ በደስታ ቀድማኝ ጀመረች። ያውም ከተለማመድነው በጣም ከፍ ብላ። መሪያችን ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ... አንድ ቁልፍ፣ ሌላ ቁልፍ፣ ይኸው፣ አገኘኋት። ገባሁ። እስከ መጨረሻው አብረን ሄድን። ሰው ቆሞ አጨበጨበ።
መሪያችን መጥተው፣ «ከየት ተነሥተሽ ነው የተጫወትሽው?»
«እኔ እንጃ።»
እውነቴን ነው። ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ፣ ለመጪው ዝግጅትም አንቺው ነሽ» አሉ።
የአክስቴ ባል ከአጠገባችን ቆሞ ቫርኒሹን በመሐረቡ ይወለውላል።

የካቲት 20
አክስቴ ጠዋት ሳህን እያጠበች ዘፈነች። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ወርዷል። ዝቅ አድርጊልኝ አላለችም። ይቅርታም አልጠየቀችኝ። ከነፒጃማዬ ፒያኖው ፊት ተቀመጥኩና ካለችበት ተቀበልኳት።