የእናታችን መጠቅለያ

አቃቂ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1954 ዓ.ም.

ንዴቴ አልበርድ አለኝ። እናታችን በጠለፈችው ጨርቅ፣ እኔና ታናሽ እህቴ አልማዝ በየበዓሉ ተራ በተራ ስጦታ እየጠቀለልን ስንላላክ ኖረናል። ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ትናንት ግን የገና ስጦታዋ በሚያብረቀርቅ የሱቅ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣልኝ። ዛሬ በባቡር ለገሃር ወርጄ ቤቷ ሄድኩ። ጨርቁ ደጃፏ ላይ ተነጥፎ እንግዳ ጫማውን ይጠርግበታል!

«ምነው አልማዝ?» አልኳት።

«ውይ እትዬ፣ አርጅቷል እኮ! አሁን ሰው ሁሉ በወረቀት ነው የሚጠቀልለው» ብላ ሳቀች።

ከእንግዳው እግር ሥር መንጭቄው ወጣሁ። ወረቀቷ እንደሆነ ገና ስከፍተው ተቀዷል። ጨርቁን በሳሙና ባሸው ባሸው የጫማው ቀለም አልለቅ አለ። ለፋሲካ የመላኩ ተራ የኔ ነው። ስጦታዋን በዚሁ ጨርቅ እጠቀልልላታለሁ፣ ከነእድፉ።