ሰባተኛ ቢ አፉን አልከፈተም

ሰኞ
አንድም አፍ አልተከፈተም! ለእንግሊዝኛው የጣዕም ትምህርት ማር፣ ሎሚ፣ ጨውና ግራዋ በየብርጭቆው በጥብጬ ወሰድኩ። ሰባተኛ ቢዎችን ዓይናቸውን በሻሽ አስሬ በማንኪያ ላቀምሳቸው፣ እነሱም ስዊት፣ ሳወር፣ ሶልቲ፣ ቢተር ሊሉ ነበር ዕቅዴ። ባለፈው የሽታ ትምህርት ነጭ ሽንኩርትና ጤናዳም ሲያሸቱ እየተጋፉ ነበር። ማንኪያው ሲመጣ ከንፈራቸው ግጥም። የክፍሉ አለቃ ቦንቱ "ቲቸር፣ ጥርሴን ያመኛል" አለች። ከሷ በኋላ ሁሉንም ጥርሳቸውን አመማቸው። ይሄ ነገር የተመከረበት ነው።

ማክሰኞ
የጠረጠርኩት ኦቦ ጉተማን ነው። እኔ ከባኮ አዲስ ተቀጥሬ እስክመጣ ክፍሉን የሚያስተምረው እሱ ነበር። ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ ይህንኑ ትምህርት ቁጭ ብሎ ያያል፤ ካልተሳካልኝ ቋሚ መሆኔ ቀረ።
ዛሬም እንደ ትናንቱ። በእረፍት ሰዓት ጉተማ ፈገግ እያለ መጣ። "አካም ጂርታ፣ ቲቸር ሰብለ? ማሩ ከደንዲ ነው፤ ብርዝ ጠጪ።" አንድ ኩባያ ብርዝ አስቀምጦልኝ ሄደ። ለራሱ አልቀዳም። ለምን? በመስኮት ደፋሁት።

ረቡዕ
ጾም ስለሆነ ማቅመስ የለም፤ ቃላቱን በሰሌዳ ብቻ።
ጭንቀቶቼ፦ ሱፐርቫይዘሩ። ጉተማ። የቦንቱ ጥርስ (ሸንኮራ ስትግጥ በዓይኔ አየኋት!)።
ቤት ስገባ ብርዙ ትዝ አለኝ። ቀምሶ ቢሰጠኝ እኮ እጠጣው ነበር። እናቴ እንኳ ለእንግዳ ስትቀዳ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች።
እኔስ? ፊቴ መልሱን እንዳያሳብቅ ብዬ አንዱንም አልቀመስኩላቸው። ዓይናቸውንም አስሬ! በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ
ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀመጠ። ሻሹን ተውኩት። አራቱንም በፊታቸው ቀመስኩ። ግራዋው ላይ ስደርስ አፌ ውስጥ ይዤው ቀረሁ።
"ቲቸር፣ ይዋጡት እንጂ!" አለች ቦንቱ።
ዋጥኩት። ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቦንቱ መዳፏን ዘረጋች፤ ጠብ አደረግሁላት፤ "ቢተር! ቢተር!" እያለች ዘለለች። ከዚያ የተዘረጋውን እጅ ማዳረስ አቃተኝ። ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ "ለቋሚነትሽ እፈርማለሁ" አለኝ። እንባዬ መጣ።
በእረፍት ሰዓት ጉተማ ደግሞ ብርዝ ይዞ መጣ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ኩባያውን ሰጠኝ። ለካ ማክሰኞ ስደፋው አይቶኛል! በይቅርታ ፈንታ ኩባያውን በሁለት እጄ ተቀበልኩት።
ጠጣሁት። እሱ እስኪውጥ ጠብቄ ነው ግን።