በሁለታችን ክፍል መሀል ያለው ገመድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ነህልኝ? ያለህበት ብርድ እንደሌለው ተስፋ አለኝ። እኔም እማዬም ደህና ነን። ከክፍልህ ወደ ክፍሌ የዘረጋኸውን ገመድ «ጠቅልሉልኝ፣ ሊጥለኝ ነው» ማለት ትታለች፤ ቀስ ብላ ትሻገረዋለች።

ትናንት የመሥሪያ ቤት ጓደኛህ፣ መነጽራሙ፣ መጥቶ ነበር። ኮምፒውተርህ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ዓርብ ሊወስደው ነው። «ወንድሜ የሠራትን የኔትወርክ ካርድ እንኳ አውጣና ተውልኝ» አልኩት።

ሳቀ። «መልእክቱን የምትመሰጥረው ራሷ ካርዷ ናት። የምስጢሩን ቁልፍ ከእሷና ካንተዋ ካርድ በቀር ማንም አያውቀውም። የኮምፒውተሩን ክዳን ከነካን ቁልፉን ታጠፋዋለች። ወንድምህ እኮ እኛንም አላመነን!»

«እሺ፣ ግን ዓርብ ፈተና አለኝ» አልኩት። ዓርብ ፈተና የለኝም።

እንግዲህ ሰላምታዬ እንደ ናፍቆቴ ብዙ ነው። በሕልሜ «ብቻህን የሆንክበትን የመጀመሪያውን ጠዋት እንዴት አሳለፍከው?» ብለኸኝ ሳልመልስልህ ነቃሁ።

ያን ጠዋት ለቀስተኛው ሄዶ፣ እማዬም ሥራ ገብታ ነበር። ቤቱ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስል ጸጥ ብሎ ነበር። ኮምፒውተሬን ስከፍት የካርዴ መብራት ቢጫ ሆና ጓደኛዋን ፈለገች። ክፍልህ ገብቼ ያንተን አበራሁና በባዶ እግሬ ተመለስኩ። ሁለቱ ካርዶች ተዋውቀው መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። «ነቃህ?» ብዬ ጻፍኩልህ። ከክፍልህ ያቺ የመልእክት ደወልህ ጮኸች።

ቁርሴን ሳልበላ፣ እሷን ለመስማት ብዬ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጻፍኩልህ።

ታናሽህ