ማሽኑን አልሸጥም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

አንተም ልጆችህም እንዴት ከርማችኋል? እኔ የወገቤ ነገር ካልሆነ ደህና ነኝ። «ስፌቱ ይብቃሽ፣ ማሽኑን ሽጠሽ እኔ ዘንድ ነይ» ያልከው ደርሶኛል። አልሸጥም፣ አልመጣምም።

የፊዚዮቴራፒውን እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ሲያመኝ ፈራሁ፣ ሲሻለኝ ዘነጋሁት። ሦስት ቀጠሮ ሳልሄድ ስቀር ባለሙያዋ ልጅ ሱቄ ድረስ መጣች። ትቆጣኛለች ስል ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ስሰፋ አየችኝ።

«እትዬ፣ የታችኛው ክር በስንት ጊዜ ያልቃል?»

«በየሰዓቱ ገደማ።»

«እንግዲያው ክሩ ባለቀ ቁጥር ይነሱና እንቅስቃሴውን አሥር አሥር ጊዜ ይሥሩ። ትንሽ ሕመም ቢሰማዎት አይፍሩ፤ እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ሌላ አዲስ ነገር ካዩ ግን ቶሎ ይንገሩኝ።»

ይኸው ስድስት ሳምንት አንድም ቀን አልዘለልኩም። ደንበኛ ቆሞ ሲስቅብኝ «የቸኮለ ሌላ ሰፊ ይፈልግ» እላለሁ፤ የሄደ ግን የለም። ትናንት የሙሽራ ቀሚስ ጨርሼ አስረከብኩ።

የግራ ጫማዬ ብቻ አንዳንዴ ሳይታወቀኝ ከእግሬ ወልቆ ይቀራል። ጫማው ሰፍቶ ነው። ለልጅቷ አልነገርኳትም ነበር፤ ሐሙስ ለቀጠሮዬ ስሄድ ግን እነግራታለሁ፣ እንድትስቅ ያህል።

ልጆቹን ሳምልኝ። ስትመጣም ልትወስደኝ ሳይሆን ልትለካ ና፤ ሱሪ እሰፋልሃለሁ።

እህትህ