ደክመሽ ነይልኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? መሪ ይዘህ ስትውል የሚቆረጥምህ ወገብህ ተሻለው ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃውን ይወጣላታል? ባለቤትህን ያ ሳል ለቀቃት? ልጆቹስ? የሁላችሁም ነገር ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ላልፈው ነበር፤ ግን መዋሸቱ ምን ያደርግልኛል፣ ደህና አይደለሁም።

ስልክ ከዘጋህብኝ ሰባት ወር ሆነ። አንተ የምትደውለው ከአውቶቡሱ ስትወርድ፣ ማታ ማታ ነበር። በዚያ ሰዓት ደግሞ ምላሴ ይተሳሰርብኛል። አንቺ ልጅ መጠጥ ጀመርሽ እንዴ አልከኝ። ስቄ ልመልስልህ ብል ሳቁም ተበላሸብኝ። ሳትሰክሪ ማውራት ስትችዪ ደውዪ ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል አላነሳህም። እማዬ አንድ ጊዜ አንስታ አለቀሰችና መልሳ አስቀመጠችው። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ብሰማው ሰክራለች እል ነበር።

መጀመሪያ የከዳኝ ዓይኔ ነው። ስፌት ቤት ኮሌታ የምገጥመው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ጠዋት አንድ የነበረው መርፌ ከሰዓት በኋላ ሁለት ይሆንብኛል፤ ክሩን በሌለው መርፌ ላስገባ ስታገል እውላለሁ። አንድ ቀን ጣቴን ከኮሌታው ጋር ሰፋሁት። ጨርቅ የምትቆርጠው ጓደኛዬ እየሳቀችብኝ ደሙን በቁራጭ ጨርቅ አሰረችልኝና ፊቴን ስታይ መስታወት አቀበለችኝ። የግራ ዓይኔ ቆብ ወርዶ ዓይኔን ግማሽ በግማሽ ሸፍኖት ነበር።

ሐኪም ቤት መመላለስ ጀመርኩ። እማዬ እንዴት እንዳሳደገችን ታውቃለህ፤ ሐኪም ፊት የሚቀረበው ተኝቶ፣ በልቶ፣ ታጥቦ ነው። እኔም ከሥራ ፈቃድ እየወሰድኩ፣ እንቅልፌን ጠግቤ፣ ያችን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ጠዋት በሩ ሲከፈት እገኛለሁ። ጠዋት ደግሞ ምን አለብኝ? ዓይኔ ጥርት ያለ፣ ምላሴ እንደ ልቡ። የዓይን ሐኪሙ መነጽር አዘዘልኝ። ሌላው ጭንቀት ነው፣ ባል ብታገቢ ይለቅሻል አለኝ፤ ባል ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ መስሎታል። ሦስተኛው የነርቭ ሐኪም ነው ተብሎ ነበር፤ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና ጤነኛ ነሽ ብሎ አሰናበተኝ።

በመጨረሻ ያወጣኝ ወረፋ ነው። አንድ ቀን ወረፋው ተንዛዝቶ ጠዋት የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ አሥር ሰዓት ቆየሁ። ከዚያ ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ስጠጋ፣ ጠዋት የመዘገበችኝ ሴት ቀና ብላ አየችኝና ባለካርዷ የት ሄደች፣ አንቺ እህቷ ነሽ ወይ አለችኝ። እኔው ነኝ ብላት አላመነችም። ካመነች በኋላ ግን ደጋግማ አየችኝ። እንዲህ ጠዋትና ማታ መልካቸው የሚለያይ ሰዎች ወደ አንዲት ሐኪም ሲሄዱ አይታለች። ሰውነት ራሱን በራሱ የሚያጠቃበትን በሽታ የምታክም የነርቭ ሐኪም ናት፤ በሁለት ሳምንት አንድ ሐሙስ ብቻ ትመጣለች ብላ በቁራጭ ወረቀት ጻፈችልኝ።

ሐኪሟ አጭር፣ ቁጡ ሴትዮ ናት። የደረሰብኝን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ሰማያዊ ቀሚሴን አየችና ሠርግ ላይ ነሽ እንዴ አለችኝ። ቀጥላ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ሥራሽን ውለሽ፣ ሳታርፊ፣ ደክመሽ ነይልኝ አለችኝ። እንደተባልኩት አርባ ኮሌታ ገጥሜ፣ ክሩ ልብሴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሄድኩ። ጣሪያውን እያየሁ ጮክ ብዬ እስከ ሃምሳ እንድቆጥር አዘዘችኝ። ሃያ ላይ የዓይኔ ቆብ ወረደ። ሠላሳ ላይ ያ አንተ የምታውቀው ድምፅ መጣ። ሠላሳ አራትን መጨረስ አቃተኝ። እስክርቢቶዋን አስቀመጠችና ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት የሰማ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ ሰምቶታል፣ ስካር መስሎት ዘጋው አልኳት። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው፣ የበሽታውን ስም ገና ሳልሰማ።

ማያስቴኒያ ይባላል። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ ጡንቻዬን ከነርቩ ይለየዋል። ሳርፍ ይሻለኛል፣ ስሠራ ይብስብኛል። ክኒኑ ለጥቂት ሰዓት ያቆመኛል እንጂ አያድነኝም። አሁን አሁን መዋጥም እየከበደኝ ነው። ወረፋው ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ዕውቀት በዝቶብኝ ነው ጭንቅላቴ የከበደኝ እያለ ያስቀን ነበር። ባለፈው ሐሙስ ቦታው ላይ አልነበረም። ይኸው በሽታ ትንፋሹን ያዘው አሉ።

እኔን ከደረት አጥንቴ ሥር ያለ እጢ በቀዶ ጥገና ሊያወጡልኝ ለመጪው ወር አሥር ቀጥረውኛል። ሐኪሟ ይጠቅምሻል አለችኝ፤ ትድኛለሽ ግን አላለችኝም። ስፌት ቤትም ኮሌታውን ለሌላ ሰጥተውብኝ ቁልፍ እየለየሁ እውላለሁ። እፈራለሁ ወንድምዓለም። ይህን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ይህችን ደብዳቤ አራት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁ ነው የጻፍኳት። እጄም እንደ ምላሴ ስለሆነ ፊደሉ መዝመም ሲጀምር አቆማለሁ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ሳሏን ችላ አትበል፣ ሐኪም አሳያት። ትልቁን ልጅህን ሳምልኝ። ለትንሿ፣ አክስትሽ ቀሚስሽን ጨርሳዋለች፣ ኮሌታው ብቻ ይቀረዋል በላት።

ለእማዬ ሰላምታ አልልክም። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብብላት፤ ልጅሽ መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም በላት። ደግሞ እባክህ፣ ቀጠሮዬ ሳይደርስ አንድ ቀን ጠዋት፣ አውቶቡሱን ሳታስነሳ ደውልልኝና ስልኩን ለእሷ ስጣት። ጠዋት ድምፄ የድሮው ነው፤ እማዬ ታውቀዋለች።

እህትህ

ከመኝታ ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
ዓርብ ማለዳ፣ ወር በገባ በሰባተኛው ቀን