የተተወው በረት

ሚያዝያ 3፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ሚኤሶ
ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ ከትቼ ነው የዋልኩት፣ እንደ ሁልጊዜው። ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ሁሉንም ዳሰስኩ። ሦስት መዥገር። በወረንጦ ከሥሩ ይዤ ቀጥ አድርጌ ነቀልኩ፣ በሳሙና ታጠብኩ።

የውሃ መስመሩን ስንቀይስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። የቀበሌው ሽማግሌ ኦቦ ሙሜ ባዶውን በረት አሳዩኝና፣ ልጄ እዚያ እንዳትቀመጡ፣ ከብቱ በድርቁ ከሄደ ወዲህ ማንም አያርፍበትም አሉኝ። የጂን ወሬ መሰለኝ። ሣር የለበትም፣ ጥላ አለው። መዥገር ሣር ላይ እንጂ ባዶ መሬት ላይ ምን ይሠራል? መኪናው ዘንድ የቀረውን ሾፌራችንን ጀማልን ጠራሁት። የሽማግሌውን ምክር አልነገርኩትም። ሸሚዙን አውልቆ ጋደም አለ።

ከዚያ መሬቱ ተንቀሳቀሰ። ሰሊጥ የሚያክሉ መዥገሮች። ከየአጥሩ ሥር፣ ከየአቅጣጫው፣ ወደ እኛ። አይቸኩሉም። ድምፅ የላቸውም። ቦታ ቀየርኩ፤ እነሱም ዞሩ። ትንፋሻችንን ነው የሚከተሉት።

ሚያዝያ 4፣ ማታ 12፡30
ጀማል ብብቱ ሥር አንድ አገኘ። ናፍታ ቀባው፣ በጣቱ ጨፍልቆ ጎተተው። ጭንቅላቱ እዚያው ቀረ። ወረንጦ አለኝ ስለው ሳቀብኝ፣ አንቺ ደግሞ አካበድሽው አለኝ።

ሚያዝያ 8፣ ጭሮ
ቤት ነኝ። ሰውነቴ ላይ የሚሄድ ነገር አለ። አንሶላውን አራገፍኩ፣ ምንም። ደግሜ አራገፍኩ።

የመስክ ቦርሳዬ ስፌት ላይ ግን አንዱ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ቆሟል። አምስት ቀን ሳይበላ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ባለበት ቀረ። ተነፈስኩ፤ መጣ።

ሚያዝያ 10
ጀማል ወደቀ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት። ወዳስገቡት ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ወባ የለበትም። ሐኪሙ የነከሰው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ጀማል ይቃዣል። ሚስቱ ዘሃራ ወደ እኔ ዞረች፣ አብረሽው አልነበርሽ ወይ በሚል ዓይን። አላየሁም አልኩ። አላየሁም! መዥገር ካልኩ የት ተኛ ይባላል፣ ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ እኔ። ፈሪ ነኝ።

ሚያዝያ 11፣ ጧት 1፡30
ዘሃራ ደወለች። ትኩሳቱ አልበረደም። ብብቱ ሥር ጥቁር ቁስል ወጥቷል፣ ሐኪሞቹም ግራ ገብቷቸዋል። ታለቅሳለች።

ባጃጅ ጠርቻለሁ። ለሐኪሙ መዥገሩን እነግራለሁ። ለዘሃራ ደግሞ ተመክሬ እንደነበር፣ ባሏንም እዚያ የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩ። ካባረረችኝ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ።