የመሪጌታ አድማሱ ስምንት ፌደሮች

ጥር 20፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

አምስተኛውም ሞተ። ከፈትኩት፤ ውስጡ የሩዝ ቅርፊት ብናኝ ሞልቷል። ከስቱዲዮው ጀርባ የሩዝ መፈልፈያ እያለ ምን ልጠብቅ ነበር? ስማኝ ደብተር፣ ዛሬ ከአንተ ሌላ ማንንም አላናግርም።

ጭንቅላቴ እንዲጠራ ከሥሩ ልጻፈው። ፌደር፦ ሚክሰር ላይ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች። እኔ የምፈልገው ባለ ሞተሩን ነው፤ ኮምፒውተሩ መዝሙር ሲቀይር ራሱ ወደ ቦታው የሚሄደውን። ለቅንጦት አይደለም። መሪጌታ አድማሱ ዓይናቸው አያይም። በፎገራ ሜዳ ካሉት ሰንበት ት/ቤቶች የግማሾቹ መዝሙር ድምፁ የተመጠነው በሳቸው ጆሮ ነው። አሮጌው ሚክሰር ክረምት ላይ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመጣ ተቃጠለ። አሁን ያለው ኮምፒውተር ነው። ማውስ ላይ ምን ይዳሰሳል? ስለዚህ ስምንት ፌደር ያለው ሰሌዳ በእጄ እየሠራሁላቸው ነው። ጤነኛ ሦስት ቀርተውኛል።

ዲ/ን ሰሎሞን፣ አሁን የያዝነውን ስድስት የሕፃናት መዝሙር ያስቀዳው የሰንበት ት/ቤት ኃላፊ፣ ትናንት መጣ። ሁዳዴ ከገባ ከበሮ አይመታም፤ ይህን መዝሙርም እስከ ፋሲካ ማንም አይከፍተውም። እስከ የካቲት 15 ካላለቀ ቅጂውን ባ/ዳር ወስዶ ዓይን ላለው ባለሙያ ይሰጣል። "ዓይን ላለው" ሲል መ/ጌታ አጠገቡ ነበሩ።

የሚያድሩት እዚሁ ስቱዲዮው ጓዳ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ግን ስልቻቸው ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ይህ ሥራ ከእጃቸው ከወጣ ጣራ ገዳም አጠገብ ወንድማቸው ቤት ሊገቡ ነው። ድምፃቸውን ሳያነሡ ነው የነገሩኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ከአንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ያዘዝኳቸው አምስት ፌደሮች በአውቶቡስ ደረሱ። በስልክ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሞተር አለው? አለው። እርግጠኛ ነህ? ምን ነካሽ እህቴ። መናኸሪያው ላይ ቆሜ ካርቶኑን ቀደድኩት። ሞተር የሌለው ተራ ተንሸራታች፣ በፕላስቲክ ተሸፋፍኖ። ደወልኩ። አያነሣም። እዚያው አለቀስኩ። ሰው የሞተብኝ መስሎት አንድ ባለ ባጃጅ እያጽናና ወሰደኝ፤ አላረምኩትም።

ከሰዓት፣ ኤሌክትሮኒክስ በማስተምርበት ማሠልጠኛ የአንድ ለአምስት ስብሰባ። ምን እንደተወራ እንጃ። ቃለ ጉባኤው ጀርባ ላይ የሽቦ አቀማመጥ ስስል ነበር። ከጎኔ ያለው መምህር አይቶ ሹክ አለኝ፦ ሐሙሲት ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ አቶ ሞላ የሚባል ሰው አለ። ከዱባይ የመጣለት ትልቅ ሚክሰር ጎርፍ ገብቶበት ሞቷል። ፌደሮቹ ግን ባለ ሞተር ናቸው። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ብቻዬን ልሄድ ነበር። መ/ጌታ እመጣለሁ አሉ።

አቶ ሞላ የሞተውን ሚክሰር ሳሎኑ ውስጥ፣ ሶፋው ፊት ለፊት፣ ጥልፍ አልብሶ አስቀምጦታል። መፍታት የሚባል ነገር እንዳልሰማ አለ። ሠርግ የሚደግስ ሰው ቤቱ መጥቶ፣ ይህን አይቶ ነው ሌላውን ዕቃ የሚከራየው። ተከራከርኩ። ድምፄ ወጣ፤ ያው ይወጣል። መ/ጌታ ክንዴን ያዝ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ልንካው?

ጥልፉን ራሱ ገለጠላቸው። ጎንበስ ብለው፣ አንድ በአንድ እያንሸራተቱ አዳመጡ። ይህ አሸዋ አለበት። ይህ ታሟል። ይህ ደህና ነው። ከዐሥራ ስድስቱ ደህና የሆኑት አምስት። ልክ የጎደለኝ ያህል፣ አንድም ትርፍ የለ። ከዚያ ወደ አቶ ሞላ ዞረው፣ ጎርፉ የገባ ዕለት በጣም አዝነህ ይሆናል አሉት። ሰውዬው ጥልፉን አጣጠፈ። ከላይ ያሉት ጣት የሚያርፍባቸው ቁልፎች ከቀሩልኝ ውስጡን ውሰዱ አለ።

ቁልፎቹን በሙጫ መልሼ ለጠፍኩለት። ጥልፉን ሲለብስ ማን ያውቃል? ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሳቄ መጣ። መ/ጌታ አልሳቁም። የሰውዬው ኀዘን የእውነት ነው አሉኝ። አፈርኩ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ሰሌዳው አለቀ። ብናኝ እንዳይገባ በየቀዳዳው ግራና ቀኝ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቆርጬ ለጠፍኩ። ስምንቱም ይሄዳሉ። ጣቴን ሳሳርፍባቸው ቆመው ይታዘዙኛል። ብቻዬን ዘለልኩ።

መ/ጌታን ጠራሁ። አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ፌደሩ ታገላቸው። ወደ ታች ሲስቡት ወደ ላይ ይመልስባቸዋል። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። እጃቸውን ሰበሰቡ።

"የሚያውቀው ያንችን ጣት ነው፣ እታለም።"

ከዚያ በእግራቸው ስልቻቸውን ፈልገው መኖሩን አረጋገጡ። ልቤ ተሰበረ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ፣ 9 ሰዓት

ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙን ስቀይር። ምንም የለም። ዛሬ በንዴት የብረት ወንበሬን ገፍቼ የሳቸው አጎዛ ላይ ዘፍ አልኩ። ፌደሩን ነካሁ። እኔንም ታገለኝ።

ደደብ። ፌደሩ ጣት የሚለየው በገላችን በኩል ወደ መሬት በምታልፍ ስስ ምልክት ነው። እኔ የሞከርኩት ብረት ወንበር ላይ ሆኜ፣ እግሬ ሲሚንቶው ላይ። እሳቸው እንጨት መደብ ላይ፣ በዚያ ላይ የበግ ቆዳ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲማሩም ሲያስተምሩም አጎዛ ላይ ናቸው። በየቀኑ እያየሁ እንዴት አላሰብኩትም?

ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ አልኳቸው። ሞከሩ። ጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ ብለው ተነሡ።

ሌላ መንገድ አለ። ሲያዳምጡ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ መቋሚያ ይይዛል፤ አናቱ ናስ ነው። ከሰሌዳው ቀጭን ሽቦ ወደ ናሱ፤ ምልክቷ በመሬት ፈንታ በሱ ትመለሳለች። ግን ፈራሁ። ሚክሰሩን ያቃጠለው መብራት ያው መብራት ነው፣ በሽቦ የማስረው ደግሞ ሰው። ነገርኳቸው። የምትፈሪውን አውጪውና ያለ እሱ ሥሪው አሉ። እውነት ነው። ሰሌዳውና ድምፅ ማጉያዎቹ ከመኪና ባትሪ፣ ኮምፒውተሩ ከራሱ ባትሪ። ግድግዳው ላይ ምንም አይሰካም። የኮምፒውተሩ ባትሪ ግን ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። መዝሙሩ ስድስት።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት ከ20

ጀመርን። የሩዝ መፈልፈያውን ለምኜ አስቁሜያለሁ። ዲ/ን ሰሎሞን ከኋላ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። መዝሙር ስቀይር ስምንቱም በአንዴ ተነሡ፣ የመ/ጌታ ጣቶችም አብረው ከፍ አሉ። ፊታቸው ፈካ።

9 ሰዓት ተኩል። ሦስት አለቀ። ባትሪው ከግማሽ በታች።

10 ሰዓት ሊሆን ነው። አምስተኛው ላይ የከበሮው ፌደር ቆመ። ሞተሩ ያቃስታል፣ አይሄድም። መለዋወጫ የለኝም። ዲ/ኑ ባ/ዳር ሊደውል ስልኩን አወጣ። መ/ጌታ ሞተሩን አጥፊው አሉኝ። ሰባቱ ቦታቸውን ካሳዩኝ ስምንተኛውን እኔ አገኘዋለሁ።

10 ሰዓት ከ20። አለቀ። ባትሪው ሊሞት ትንሽ ሲቀረው። የመጨረሻውን መዝሙር አሰሙን። ስክሪኑን አይቼ ከበሮው አንሷል አልኩ። ዓይንሽን ጨፍኝ አሉኝ። ጨፈንኩ። ከበሮው ከሕፃናቱ ድምፅ ሥር፣ ልክ ቦታው ላይ ነበር። ስገልጥ ዲ/ን ሰሎሞንም ጨፍኗል። ስልኩን ኪሱ መልሶታል። ወጥቶ ሲሄድ የመ/ጌታን ትከሻ ሳመ። ከፋሲካ በኋላ የሚቀዳውንም እዚሁ አመጣለሁ አለ።

ሽቦውን ከመቋሚያው ልፈታ ስል ከለከሉኝ። ይቆይ አሉ። ከዚያ በመቋሚያው ወደ በሩ ጠቆሙ።

"እታለም፣ ያችን ስልቻ ወደ ጓዳ መልሻት። ሰው ይደናቀፍባታል።"

ደብተር፣ ልነሣ። ስልቻዋ ከባድ ናት።